እናቱ አረብ ሀገር ላለች ልጅ ፍልሰትን እንዴት እናስተምረው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአንዲት መምህርት የመጣ ነው። ጥቂት አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ብዙም በማትርቅ ከተማ የስምንተኛ ክፍል ኅብረተሰብ አስተማሪ ነኝ። አንዱ ክፍሌ 60 ተማሪ አለው። ባለፈው ሳምንት የደረስንበት ርዕስ የሰዎች ፍልሰት ነበር። እንደ መጽሐፉ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ፣ በአንዱ በኩል ገፊ ምክንያቶችን፣ በሌላው በኩል ሳቢ ምክንያቶችን ጽፌ ኖት እያስገለበጥኩ ሳለ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ‹ቲቸር፣ እናቴ ቤይሩት ናት። እሷ የትኛው ውስጥ ናት?› አለችኝ። ክፍሉ ዝም አለ። ‹በኋላ እንነጋገራለን› ብዬ አለፍኩት። እስካሁን አልተነጋገርንም።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አረብ ሀገር ዘመድ አላቸው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ልጆችም አሉ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ‹ሚኒስትሪ ከተፈተንኩ በኋላ በባሕር ነው የምሄደው› እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ርዕሰ መምህሩ ‹የሚያስፈራ ቪዲዮ አሳዪያቸው፣ ያኔ ይተዉታል› ይሉኛል። እኔ ልክ አልመሰለኝም። ካርታ ዘርግቼ መንገዱን ባስተምር ደግሞ መንገድ ያሳየኋቸው እየመሰለኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መምህርት ዘ.፣ ከደቡብ ወሎ»

ውድ መምህርት ዘ.፣

ከሁሉ በፊት ልጅቷን ነገ ዛሬ ሳትዪ አነጋግሪያት። ስለ ትምህርቱ የምነግርሽን ሁሉ ከዚያ በኋላ ትደርሺበታለሽ። በእረፍት ሰዓት፣ ሌላ ልጅ በሌለበት፣ «ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ሳላስብበት መመለስ አልፈለግኩም» በያት። ስለ እናቷ ማውራት ከፈለገች ጊዜ ስጫት። ካልፈለገች አትጎትጉቻት። አስተማሪ «በኋላ» ብሎ ሲያልፈው ልጅ የሚገባው ‹ይሄ ነገር አይወራም› የሚል ነው። እናቷ ሩቅ ሀገር ያለች ልጅ ይህን ከሌሎች ሰዎች በበቂ ሰምታዋለች።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንምጣ። ልጅቷ የሰንጠረዡን ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጥታዋለች። ዝናብ የጠፋው በመንደሩ ሁሉ ላይ ነው። የቤይሩት ደመወዝም ለጎረቤቷ ሴት ሆነ ለእናቷ ያው ነው። ታዲያ ጎረቤቷ ቀርታ እናቷ ለምን ሄደች? ገፊና ሳቢ የሚሉት ሁለት ዓምዶች ለዚህ መልስ የላቸውም። ልጆቹም ኖቱን ገልብጠው፣ ለፈተና ሸምድደው፣ ስለ ራሳቸው ቤት ምንም ሳይገባቸው ይወጣሉ።

ኤቨሬት ሊ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ይህንኑ ነገር በቀላል ሥዕል አስቀምጦታል። እሱን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ብታወጪው ጥሩ ነው። በግራ አንድ ክብ፣ በቀኝ አንድ ክብ ሳዪ። ግራው መነሻ፣ ቀኙ መድረሻ ነው። በሁለቱም ክብ ውስጥ የመደመር (ለሚስበው)፣ የመቀነስ (ለሚገፋው) እና የዜሮ (ለማይስበውም ለማይገፋውም) ምልክት በትኚ። መነሻው ላይ ደስ የሚልም አለና፤ ዘመድ አለ፣ ቋንቋ አለ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አለ። መድረሻው ላይም የሚከፋ አለ። በሁለቱ ክቦች መካከል መሰናክሎችን አስገቢ፦ ርቀት፣ በረሃ፣ ባሕር፣ ድንበር፣ ቪዛ፣ ገንዘብ። ከሥር ደግሞ የሰውየውን የራሱን ነገር ጻፊ፤ ዕድሜውን፣ ጾታውን፣ ጤናውን፣ እዚያ የሚያውቀው ሰው መኖር አለመኖሩን። አሁን ልጅቷ እናቷን የምታስቀምጥበት ቦታ አገኘች። እናቷ አንድ ዓምድ ውስጥ የገባች ቃል መሆኗ ይቀርና ብዙ ነገር አመዛዝና የወሰነች ሰው ትሆናለች።

መጽሐፉን ጣዪው አላልኩሽም። ክልላዊ ፈተናው ገፊና ሳቢ ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ያንን ማወቅ አለባቸው። ሥዕሉን ከተረዱ በኋላ ግን ሁለቱን ዓምዶች በአሥር ደቂቃ ራሳቸው ይሞሉታል።

ቀጥሎ ያለው ክፍለ ጊዜ የቡድን ሥራ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። «አረብ ሀገር ዘመድ ያለው እጁን ያውጣ» አትበይ። «የቤተሰባችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ» የሚል አሳይመንትም አትስጪ። አባቱ በእስር ላይ ያለ፣ እህቷ ድምጿ ከጠፋ የቆየ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ልጆች ፊትሽ ተቀምጠዋል። ልጅ ታሪኩን በራሱ ጊዜ ሲናገር ሌላ ነው፤ ለማርክ ብሎ እንዲናገር ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

በዚያ ፈንታ አንድ ቤተሰብ ፍጠሪላቸው። ለምሳሌ አቶ ይመርና ወይዘሮ ዘሀራ ይባሉ። (ክፍልሽ ውስጥ እንዲህ የሚባል ወላጅ ካለ ስሙን ቀይሪው።) ሁለት ጥማድ መሬት፣ አንድ በሬ፣ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የ19 ዓመት ሴት፣ የ16 ዓመት ወንድ፣ የ11 ዓመት ሴት። በልግ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከድቷቸዋል። የማዳበሪያ ዕዳ አለባቸው። የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው። እናንተ አካባቢ በልግ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ክፍሉን በቡድን ክፈይና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ምርጫ ስጪ። አንዱ ትልቋ ልጅ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትግባ ብሎ ይከራከር። ሌላው አባትየው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይውረድና ይመለስ ይበል። አንዱ አዲስ አበባን፣ አንዱ በቪዛ አረብ ሀገርን፣ አንዱ በባሕር መሄድን ይያዝ። አንድ ቡድን ደግሞ «ማንም አይሄድም» የሚለውን ይዞ ይከራከር። ለሁሉም ያው ጥያቄ ይቅረብ፦ የመሄጃው ገንዘብ ከየት ይመጣል? የሄደው ሰው ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረውን ማን ይሠራዋል? ቢታመም ምን ይሆናል? መመለስ ቢፈልግ በምን ይመለሳል?

የገንዘቡ ጥያቄ ላይ ቆዪበት። በባሕር የሚለው ቡድን ወዲያው በሬው ይሸጥ ይላል። በሬው ከተሸጠ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ እንዴት ይሆናል? ብድር ከሆነ መያዣው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መንገድ ላይ «ልመለስ» ብሎ የማይመለሰው ለዚህ ነው፤ ከኋላው የተሸጠ በሬ አለ። የመን ላይ ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ እንዲልክ የሚደረግም ብዙ ነው። ይህን አንቺ ሳትነግሪያቸው ልጆቹ ራሳቸው ያነሱታል። ሲያነሱት ሰሌዳው ላይ፣ ከመሰናክሎቹ ጎን ጻፊው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሩቁ ከመሄዳችሁ በፊት ከቅርቡ ጀምሩ። ራቨንስታይን የሚባል ጂኦግራፈር እ.ኤ.አ. በ1885 በእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ስለ ፍልሰት ሕግ የሚሆኑ ነጥቦች አውጥቶ ነበር። ዛሬም ከሚጠቀሱት አንዱ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ቅርብ ቦታ ነው የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ በአጭር ርቀት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይንቀሳቀሳሉ ይላል። እናንተ ጋ ይሄ በቀላሉ ይፈተሻል። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንዲት አያቱ የተወለደችበትን ቦታና የኖረችበትን ቦታ ብቻ ይጻፍ። የማያውቅ ባዶውን ይስጥ። ወረቀቶቹን ሰብስበሽ በሰሌዳው ላይ በተሳለ ካርታ ነጥብ በነጥብ አስቀምጫቸው። ቃሉ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ባቲ፣ ተሁለደሬ እያለ ይሞላል። አያቶቹ ባል አግብተው ወደ ባል ሀገር የሄዱ ናቸውና የራቨንስታይን ሴቶች በዓይን ይታያሉ።

በዚሁ ቀን የዓለሙንም ቁጥር ስጫቸው። የተባበሩት መንግሥታት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወለዱበት ሀገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች 304 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከዓለም ሕዝብ 3.7 በመቶ መሆኑ ነው። ዓለም አንድ 60 ተማሪ ያለው ክፍል ቢሆን ሁለት ልጆች ማለት ነው። ሁለት ተማሪዎች አስነሺና በር አጠገብ አቁሚያቸው። ሌሎቹ ተቀምጠው ይዩ። «ሰው ሁሉ እየሄደ ነው፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» የሚለው ስሜት እናንተ አካባቢ ላለ ልጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን በስብከት ለመንቀል ከመሞከር ቁጥሩን በዓይናቸው ማሳየት ይሻላል።

ካርታውን ፈርቼዋለሁ ላልሽው፣ እኔ የምመክርሽ በድፍረት እንድትዘረጊው ነው። መንገዱን ልጆቹ ያውቁታል። ከአንቺ በፊት ደላላው ነግሯቸዋል፤ የሄደ ዘመድም ነግሯቸዋል። ደላላ ግን የከተማ ስም ይነግራል እንጂ ከፍታና ሙቀት አያስተምርም። ያ ያንቺ ሥራ ነው።

እንዲህ አድርጊው። ከደሴ እስከ አሳል ሐይቅ ያለውን የመሬት አቀማመጥ በጎን በኩል የሚያሳይ ሥዕል ይሣሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሚሌ ስትደርሺ 500 አካባቢ ነሽ። ጂቡቲ ውስጥ ያለው አሳል ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ብዙ እግረኞች ኦቦክ ወደምትባለው የጂቡቲ የባሕር ዳር ከተማ የሚያልፉት በዚሁ አካባቢ ነው። አሁን በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚለዋወጥ የተማሩትን አስታውሻቸው። ከደሴ እስከ አሳል ስንት ዲግሪ ይጨምራል? ደብተራቸው ላይ ያስሉት። 17 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ደሴ ላይ ደስ የሚል ቀን፣ እዚያ ታች የሚያቃጥል ነው፤ በበጋቸው ከ40 በላይ ይወጣል። ከዚያ «በዚህ ሙቀት በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ሃይላንድ ውሃ ለስንት ሰዓት ይበቃዋል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን አንቺ አትናገሪ።

ባሕሩ ላይ ስትደርሱ ጂቡቲንና የመንን ለሚለየው ጠባብ ባሕር፣ ለባብ ኤል መንደብ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስጪው። ለእናንተ ክፍል ከዚህ የበለጠ የፍልሰት ትምህርት የሚሰጥ ቦታ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ጠባቡ ቦታው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ብዙም አይበልጥም። በዚህች ጠባብ ውሃ ላይ ያላለፈ የሰው ዓይነት የለም።

ከጥንቱ ጀምሪ። ጎረቤታችሁ አፋር ውስጥ፣ ሄርቶ በሚባለው ቦታ፣ 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ተገኝተዋል። ኦሞ ኪቢሽ ላይ የተገኙት ከዚያም ይበልጣሉ። ከ50,000 እስከ 70,000 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን የሞሉት ሰዎች ሄዱበት ተብሎ ከሚታሰቡት መንገዶች አንዱ ይኸው ባብ ኤል መንደብ ነው። ያኔ የባሕሩ ወለል ዝቅ ያለ፣ ውሃውም የጠበበ ነበር።

ከዚያ ሂጅራን አንሺላቸው። እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች መካ ላይ ሲሳደዱ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። ይህን የማያውቅ ተማሪ እናንተ ክፍል ውስጥ አይኖርም። ግን መድረሳ ወይም ቤት የሰሙትን ታሪክ በጂኦግራፊ ዓይን አይተውት አያውቁ ይሆናል። ማን ገፋቸው? ለምን ወደ ሩቅ አረብ ሀገር ሳይሄዱ ባሕር ተሻገሩ? እዚህ ማን ተቀበላቸው? ሲረጋጋስ ስንቶቹ ተመለሱ? ለስደተኛ ስለሚሰጥ ጥበቃ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አታገኚም። ከዚያ ወደ ዘመናችን ተሻግረሽ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ እንደተፈረመ፣ ዛሬም ሀገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ብዙ ሰዎችን እንዳስጠለለች መናገር ትችያለሽ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የመኖች ወደ እኛ መጡ። አዲስ አበባና ድሬዳዋን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የአረብ ሱቅ ያልነበረበት ሰፈር ማግኘት ይቸግር ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ የሚሻገሩት እነሱ ነበሩ። ራቨንስታይን እያንዳንዱ የፍልሰት ጅረት ተቃራኒ ጅረት አለው ያለው ይህን የመሰለውን ነው።

የዛሬዋን ኦቦክንም ሳታሳዪያቸው አትለፊ። እ.ኤ.አ. በ2015 የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲባባስ የመናውያን ባሕሩን ተሻግረው ጂቡቲ ገቡ፤ ኦቦክ አጠገብ ማርካዚ የሚባል መጠለያ ተሠራላቸው። በዚያችው ከተማ ዳርቻ የኛ ልጆች ወደ የመን የሚወስዳቸውን ጀልባ ይጠብቃሉ። አንዱ ከጦርነት ሊያመልጥ ይመጣል፤ ሌላው ወደዚያው ጦርነት ይሄዳል። ልጆቹ «ለምን?» ይላሉ። ተዪአቸው ይከራከሩበት። ለኢትዮጵያዊው የመን መተላለፊያ ናት፤ ዓይኑ ያለው ሳዑዲ ላይ ነው። ሊ መድረሻና መሰናክል ብሎ የለያቸው ነገሮች እዚህ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አሁን የርዕሰ መምህሩ ቪዲዮ። አክብረሽ እምቢ በያቸው። ልጆቹ ስልክ ላይ ከዚያ የባሰ አይተዋል። ክፍሉ ውስጥ ወንድሙ በዚህ ሳምንት መንገድ ላይ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ እሱን ምን እናደርገዋለን? ደግሞም አያቆማቸውም። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ቤት ያያል። ያ ቤት እውነት ነው፤ በአንዲት ልጅ የአረብ ሀገር ደመወዝ የተሠራ ነው። የምናሳየው ሞት ብቻ ከሆነ ልጁ ‹አስተማሪዋ ግማሹን ደብቃኛለች› ይላል፤ ከዚያ በኋላ የምንለውን ሁሉ አያምንም። ቆርቆሮውንም አስቆጥሪያቸው፣ ያልተመለሱትንም አስቆጥሪያቸው።

አደጋውን ግን አትሸፍኚ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን የጫነ ጀልባ የመን ውስጥ አብያን በሚባለው ግዛት አቅራቢያ ሰጥሞ በርካታ ሰዎች አልቀዋል። ይህን ከንፋስ ትምህርት ጋር አያይዢው፤ በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ያናውጠዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ከተማሪዎችሽ አክስቶች መካከል ያኔ የተመለሱ አይጠፉም። እነዚህን በሚያስለቅስ ድምፅ ሳይሆን በተራ የማስተማር ድምፅሽ ንገሪያቸው። ልጆች በተራ ድምፅ የተነገራቸውን እውነት ይይዙታል።

ስለ ከፋላ፣ የውጭ ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስረው ሥርዓት፣ ማስተማር እንዳትረሺ። በሊባኖስና በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሠረ ነው። አሠሪ መቀየር፣ አንዳንዴም ከሀገር መውጣት በራሷ ፈቃድ ብቻ አይሆንላትም። ፓስፖርቷን የሚይዙባትም አሉ። ይህ ለፈተና ላይመጣ ይችላል። ግን እናቷ ለዓመታት ያልመጣችላት ልጅ በልቧ የምትጠይቀው ‹ለምን አትመጣም? ረስታኝ ይሆን?› የሚለውን ነው። ማንም ይህን አስረድቷት ላያውቅ ይችላል። የማትመጣበትን ሕግ ስታውቅ እናቷን ሌላ ዓይን ይዛ ታስባታለች። ትምህርቱን ስትሰጪ ወደ እሷ አትዪ፤ ለሁሉም እንደምታስተምሪ ሆነሽ ስጪው። ትሰማለች።

የተፈናቀሉት ልጆች ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ገደማ ሰዎችን ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል አስፍሯል። አሁን ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያቶቻቸው ወደተነሱበት ሀገር ተመልሰው፣ እዚያው እንደ እንግዳ ይታያሉ። በፈቃድ መሄድና ተገዶ መሄድ የሚለያዩበትን ነገር ስታስተምሪ የሰፈራውን ታሪክ አንሺ፤ የአያቶች ትዝታ ነው፣ ርቀት አለው። የቅርቡን ግን ልጆቹ ራሳቸው ካላነሱት አንቺ አትጀምሪው። ካነሱት አዳምጪ፤ ውይይቱም አንድን ብሔር ወደ መውቀስ ከዞረ እዚያው አቁሚው። በክፍልሽ «መጤ» የሚል ስድብ ከሰማሽ ግን ዝም አትበዪ። በዚያኑ ደቂቃ አስቁሚ።

የቀረን ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ነው። እሱን በክፍል ፊት አታርሚው፤ ጓደኞቹ ፊት ያወራውን ለማስከበር ሲል ብቻ ይሄዳል። ለብቻው ጥሪውና «አትሂድ» ከማለትሽ በፊት ጠይቂው። ሐሳቡ የራሱ ነው ወይስ ቤት የተወሰነ ነው? ገንዘብ የተከፈለ አለ? ደላላ አነጋግሮታል? ሀሳቡ ገና ሀሳብ ከሆነ ጊዜ አለሽ። ዘጠነኛ ክፍል የት እንደሚማር፣ ቤት ኪራይና ስንቅ እንዴት እንደሚሆን አብራችሁ አስሉት። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚሄደው ትምህርት ጠልቶ ሳይሆን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ሆኖበት፣ የሚያግዘው አጥቶ ነው። ስምንተኛ ክፍል የትምህርት መጨረሻ ሆኖ የሚታይበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን መስፈርት አድርጎ ነበር። አዋጁ በኋላ ተሻሽሏል፤ 18 ዓመት ሳይሞላ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ መውጣት ግን አይቻልም። ይህን ለልጁም ለወላጆቹም ንገሪ። ዕድሜው ሲደርስ በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ቢል መብቱ ነው፤ እሱን አትከልክዪው።

ቤተሰቡ ከወሰነ ወላጆቹን ትምህርት ቤት ከመጥራት ቤታቸው ሄደሽ አነጋግሪ፤ የሚያከብሩትን ሰው፣ ሼህም ይሁን ቄስ ወይም የዕድር ዳኛ፣ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል። ወቀሳ አታንሺ። የተፈጠረውን ቤተሰብ ጥያቄዎች እነሱንም ጠይቂያቸው፤ በሬው ከተሸጠ ማን ያርሳል፣ ቢታገት ማን ይከፍላል። ደላላው ገንዘብ ተቀብሎ ቀን ቆርጦ ከሆነ ግን ነገሩ ከአንቺ አቅም በላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ወንጀል አድርጎታል፤ ልጁ ለአካለ መጠን ያልደረሰ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ያከብደዋል። ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም እንዲደርስ አድርጊ። የልጁ ስም ከሚመለከታቸው ሰዎች ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቀቂ። ከጽሕፈት ቤቱ መልስ ከዘገየ በአካል ሂጂ፤ ሚኒስትሪው ከመድረሱ በፊት ጨርሺው።